ሐኪምና ዘማች ዕጩ ሆኖ ሲቀርብ

ሕዝብ ወኪሉን በገዛ ድምፁ የመምረጥ መብት በችሮታ የተሰጠው ሳይሆን በብዙ መሥዋዕትነት ያገኘው መብት መሆኑ የማይታበል ሐቅ ነው። ሆኖም መብቱን መጨበጥ አንድ ነገር፣ በመብቱ አውቆ መገልገል ደግሞ ሌላ ነገር ነው። በሐረር ከተማ፣ በጀጎል ግንብ ውስጥም ሆነ ከግንቡ ውጭ በተስፋፉት ሰፈሮች፣ የምርጫ ነገር በተነሣ ቁጥር በአፎቻው፣ በእድሩና በፋብሪካው የዕረፍት ሰዓት ከሚሰነዘሩት አስተያየቶች መካከል አንዱን ዛሬ በዚህ ዓምድ ልንመረምረው ፈልገናል። አስተያየቱ በአጭሩ እንዲህ የሚል ነው፤ ዕጩው ሐኪም ከሆነ፣ በዚያም ላይ የዘመተ ወታደር ከሆነ፣ ሌላ ምን ይጠየቃል? ሕሙም ካዳነና ለአገሩ ከቆሰለ ሰው በላይ ማን ይታመናል?

ይህ አነጋገር ከቅን ልብ የሚመነጭ እንጂ ከተንኮል የሚመጣ አይደለም። የሐረር ሕዝብ ሐኪምንም ሆነ ወታደርን በዝና ብቻ የሚያውቅ ሕዝብ አይደለምና። በራስ መኰንን ዘመን፣ በ1890ዎቹ፣ ከጓዴሎፕ ደሴት የመጡት ጥቁር ሐኪም ጆሴፍ ቪታሊየን በዚህች ከተማ ሕሙማንን አክመዋል። በዚያው ዘመን የካፑቺን ሚሲዮናውያን ለሥጋ ደዌ ሕሙማን መጠለያ አቁመዋል። በኋላም የሐረር ጦር አካዳሚ በሕንድ መምህራን መኮንኖችን ሲያሠለጥን፣ የሦስተኛው ክፍለ ጦር ጠቅላይ መምሪያም በዚሁ ሠፍሮ ሲኖር፣ የከተማው ነዋሪ ወታደሩን በሰልፍ ብቻ ሳይሆን በጉርብትና አውቆታል። በ1970 ዓ.ም. የዚያድ ባሬ ጦር እስከ ከተማይቱ ዳር በዘለቀባቸው ወራት ደግሞ የመድፉን ድምፅ ከየቤቱ ሆኖ የሰማ፣ ቁስለኛው ወደ ሆስፒታል ሲገባ በዓይኑ ያየ ትውልድ ዛሬም በመካከላችን አለ። ከከተማችን ሆስፒታሎች አንዱ «ምሥራቅ አርበኞች» የሚለውን ስም መሸከሙ ሁለቱ ሙያዎች በሕዝቡ ሐሳብ ውስጥ ምን ያህል እንደተጎራበቱ ያመለክታል።

ስለዚህ አክብሮቱ ተገቢ ነው። ስሕተቱ የሚጀምረው አክብሮቱ ሳይመረመር ወደ ድምፅ መስጫ ሣጥን ሲገባ ነው።

ለዚህ ክርክር ሩቅ ምሳሌ ከመፈለጋችን በፊት የገዛ ምድራችን የሐረርጌ ታሪክ ያስቀመጠልንን ሰው ማንሳት ይገባናል። በሚያዝያ 1860 ዓ.ም. መቅደላ ስትወድቅ የእንግሊዝ መኮንኖች አንድ ሕፃን አግኝተው ወደ ሕንድ ወሰዱ። ሕፃኑ ቻርልስ ማርቲን ተብሎ አደገ፤ በላሆር ሕክምና ተማረ፣ በስኮትላንድ ትምህርቱን አሟላ፣ በበርማም በእንግሊዝ ቅኝ አስተዳደር ሥር በሐኪምነት ሠራ። ከዓድዋ ድል በኋላ ወደ አገሩ መጥቶ ዘመዶቹን ያገኘው፣ ስሙንም የመለሰው ይህ ሰው የመጀመሪያው በዘመናዊ ትምህርት የሠለጠነ ኢትዮጵያዊ ሐኪም፣ ሐኪም ወርቅነህ እሸቴ ናቸው። በአዲስ አበባ ድንኳን ተክለው ድኻውን ያለ ክፍያ አክመዋል። በ1890ዎቹም ወደ ሶማሌ ምድር ከዘመተው የኢትዮጵያ ጦር ጋር በሐኪምነት ዘምተዋል። የአንባቢያችን አፎቻ ዛሬ የሚያደንቀው ዓይነት ሰው፣ ማለትም ሐኪምም ዘማችም የሆነ ሰው፣ እንግዲህ ከመቶ ዓመት በፊትም ነበረ።

ሐኪም ወርቅነህ በበርማ ሥራቸውን ጨርሰው ጠቅልለው ከተመለሱ በኋላ በልዩ ልዩ የመንግሥት ሥራ ላይ ተሰማርተዋል። የተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤትን መርተዋል፤ በ1920 ዓ.ም. ስለ ጣና ግድብ ለመነጋገር ወደ አሜሪካ ተልከዋል፤ ነፃ የወጡ ባሪያዎች ልጆች እንዲማሩ ደክመዋል። ከሁሉ ይበልጥ ለእኛ ጉዳይ የሚጠቅመው ግን ከ1923 ዓ.ም. አካባቢ ጀምሮ የጨርጨር ገዥ ሆነው መሾማቸው ነው። ጨርጨር ዛሬ ምዕራብ ሐረርጌ የምንለው ቡና አብቃይ ደጋ ሲሆን፣ መቀመጫዋም አሰበ ተፈሪ፣ የዛሬዋ ጭሮ ነበረች።

በዚያን ጊዜ የአንድ አውራጃ ሹም ማለት ምን ማለት እንደነበር የሚዘነጋ አንባቢ ካለ ሁኔታውን ማስታወስ ይጠቅማል። ሹሙ ከመንግሥት የተቆረጠ ደመወዝ አልነበረውም፤ የሚበላው ከገባሩ ነበር። የሹሙ ጭፍራም፣ የጭፍራው አሽከርም እንዲሁ። ገበሬው ምን ያህል እንደሚከፍል በጽሑፍ አያውቅም፤ የሚያውቀው ሁልጊዜ እንደሚጨመርበት ብቻ ነው። ሐኪም ወርቅነህ በጨርጨር የሞከሩት ለሹማምንቱ ደመወዝ ቆርጦ፣ ግብሩን ወስኖ፣ የተማሩ ወጣቶችን በአስተዳደሩ አስገብቶ፣ መንገድ አሠርቶ አውራጃይቱን ለሌሎች ምሳሌ ማድረግ ነበር። በእርግጥም «ናሙና አውራጃ» ተብላ ነበር። አንድ ሐኪም ከበሽተኛው አልጋ ተነሥቶ የበሽታውን ሥር በግብር አሰባሰቡና በመንገድ ዕጦቱ ውስጥ ሲፈልግ እናያለን። ይህን ያደረጉ ሰው ስለሆኑ ብቻ ስማቸው በሐረርጌ ትምህርት ቤቶች ውስጥ ከሚነሣው በላይ ሊነሣ በተገባ ነበር።

ነገር ግን የታሪኩ ሌላ ገጽ አለ። የጨርጨር ገበሬ ሐኪም ወርቅነህን አልመረጠም። ግብሩ ስንት ይሁን፣ መንገዱ በየት ይለፍ ተብሎ አልተጠየቀም። በ1927 ዓ.ም. ሐኪም ወርቅነህ የለንደን ባለ ሙሉ ሥልጣን ሚኒስትር ሆነው ሲሄዱም «ገዥያችንን ለምን ትወስዱብናላችሁ?» ብሎ የሚጠይቅበት መድረክ አልነበረውም። ከላይ የተሰጠ መልካም ነገር ከላይ በወረደ ትእዛዝ ተነሣ። ብዙም ሳይቆይ ወረራው መጣ፤ ሐኪሙ በስደት ስለ አገራቸው ሲከራከሩ ሁለት ወንዶች ልጆቻቸው በ1929 ዓ.ም. በፋሺስቶች ተገደሉ። ሐኪም ወርቅነህ በ1945 ዓ.ም. አረፉ። መሥዋዕትነታቸው አያጠያይቅም። እኛ የምንለው ሌላ ነው፦ ከሐኪም ወርቅነህ የተሻለ ሐኪም፣ የተሻለ አስተዳዳሪ፣ የተሻለ አገር ወዳድ ማግኘት አስቸጋሪ ሆኖ ሳለ፣ ያ ሁሉ ችሎታ ከታች ከሕዝቡ ጋር የሚያያዝበት ገመድ ባለመኖሩ ሥራው ከሰውየው ጋር ተነሥቶ ሄደ።

ወደ ወታደሩ እንምጣ። በሰኔ 1966 ዓ.ም. ከጦር ሠራዊቱ፣ ከፖሊስና ከብሔራዊ ጦር የተውጣጡ ከ100 የሚበልጡ ተወካዮች በአዲስ አበባ ተሰበሰቡ። ከእነርሱም አንዱ ከዚሁ ከሐረር ሦስተኛ ክፍለ ጦር የተላኩት ሻለቃ መንግሥቱ ኃይለ ማርያም ነበሩ። ልብ ሊባል የሚገባው እነዚህ ሰዎች በየክፍላቸው የተወከሉ መሆናቸው ነው። ይህም ማለት በጅምሩ ውክልና ነበር። ያልነበረው ውክልናውን መልሶ የሚጠይቅ ነው። ሦስተኛው ክፍለ ጦር የላከውን ሰው «ና፣ ምን ሠራህ?» ብሎ ሊጠራው አልቻለም፤ ከጥቂት ወራት በኋላም ይህን ጥያቄ ማንሳት ራሱ አደገኛ ሆነ። ከዚያ በኋላ በነበሩት 17 ዓመታት የሐረር እናቶች ስንት ልጅ ለጦርነት፣ ስንት ልጅ ለእስር እንደሸኙ እነርሱ ራሳቸው ያውቁታል።

በዚያ ዘመን ምርጫ አልነበረም ብንል ከእውነት እንርቃለን። ሰኔ 7 ቀን 1979 ዓ.ም. ለብሔራዊ ሸንጎ 835 ወንበሮች ምርጫ ተካሂዷል። መኮንኑም፣ ሐኪሙም፣ ገበሬውም በዕጩነት ቀርቧል። ዕጩዎቹን የሚያቀርቡት ግን ፓርቲው፣ በፓርቲው የሚመሩት ብዙኃን ድርጅቶችና የጦር ክፍሎች ነበሩ። መራጩ ከቀረቡለት ሰዎች መካከል ለየ እንጂ ማን ይቅረብ የሚለው ከእጁ ውጭ ነበር። ከዚያ በፊት በንጉሡ ዘመን፣ ከ1949 ዓ.ም. ጀምሮ በየአራት ዓመቱ በተደረጉት የፓርላማ ምርጫዎች ደግሞ ዕጩ ለመሆን ንብረት ማሳየት ግዴታ ነበር፤ ላብ አደሩ ሊመርጥ ይችል ይሆናል፣ ሊመረጥ ግን አይችልም። የዚህ ዓይነት የርዕዮተ ዓለም ዓምዶችም በ1979 የምርጫውን ውጤት በጭብጨባ ሲቀበሉ እንጂ ጥያቄ ሲያነሡ እንዳልታዩ ልንደብቅ አይገባንም።

እንግዲህ ሐኪምነትና ወታደርነት ለሹመት እንጂ ለውክልና በራሳቸው አይበቁም ስንል ሐኪምና ዘማች አይመረጥ ማለታችን አለመሆኑ ግልጽ ይሁን። በተቃራኒው፣ ሁለቱን ሙያዎች ለሕዝብ ውክልና በሚገባ ያዋሉ ሰዎች በዓለም ላይ ታይተዋል። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1848 በላይኛው ሲሌዥያ የታይፈስ ወረርሽኝ ሲነሣ የፕሩሲያ መንግሥት ወጣቱን ሐኪም ሩዶልፍ ፊርሆን ላከ። ፊርሆ የመድኃኒት ዝርዝር ይዞ ይመለሳል ተብሎ ሲጠበቅ ይዞ የተመለሰው የድህነት ዝርዝር ነበር፤ ሕዝቡ ትምህርት፣ መንገድ፣ ፍትሐዊ ግብርና የራሱ አስተዳደር ያስፈልገዋል ብሎ ጻፈ። ለዚህም ከሥራው ዋጋ ከፈለ። በ1859 ለበርሊን ከተማ ምክር ቤት ተመረጠ፣ በኋላም ለፓርላማ። በ1870 ጦርነት ለቁስለኞች የሆስፒታል ባቡሮች አደራጀ። ትልቁ ሥራው ግን ከመሬት በታች ያለው ነው፦ በርሊን ቆሻሻ ውኃዋን የምታስወግድበት ቦይና ንጹሕ ውኃ የምታገኝበት ሥርዓት እንዲሠራ በምክር ቤቱ ውስጥ ለዓመታት ተሟገተ፤ ግንባታውም በ1870ዎቹ ተጀመረ። ሠራተኛው በሚኖርባቸው ሰፈሮች ሕፃናትን ይገድል የነበረውን የተቅማጥና የታይፎይድ በሽታ የተዋጋው በመርፌ ሳይሆን በቧንቧ ነው።

የቺሊው ሳልቫዶር አሌንዴም ሐኪም ነበሩ፤ በወጣትነታቸውም የውትድርና ግዴታቸውን ፈጽመዋል። ለፕሬዚዳንትነት በ1952፣ በ1958 እና በ1964 ተወዳድረው ተሸነፉ፣ በአራተኛው በ1970 አሸነፉ። ሦስት ጊዜ ተሸንፎ ወደ መራጩ መመለስ ራሱ ትምህርት ነው። በመስከረም 1973 ሥልጣናቸውን የነጠቁት የምርጫ ወረቀት ያልያዙ ጄኔራሎች ነበሩ።

አሁን ከበርሊን ቧንቧ ወደ ሐረር ቧንቧ እንመለስ፤ የዚህ ጽሑፍ ዋናው ነገር እዚህ ላይ ነውና። የሐረር ከተማ ለብዙ ዓመታት ውኃዋን ታገኝ የነበረው ከሐረማያ ሐይቅ ነበር። ሐይቁ በ1990ዎቹ መጨረሻ ደረቀ። ምክንያቱ አንድ አልነበረም፦ በዙሪያው ለጫትና ለአትክልት መስኖ የተተከሉት የውኃ መሳቢያ ሞተሮች፣ ከተራቈተው ተዳፋት የሚወርደው ደለል፣ የከተሞቹ ፍጆታ፣ የዝናቡ መዛባት ተደማምረው ነው። በቅርብ ዓመታት ውኃው ተመልሶ መታየቱ የሚያስደስት ቢሆንም ያ ጊዜ ያስተማረው ግን አልተረሳም። የከተማው ሕዝብ በጀሪካን ሲሰለፍ፣ የቦቴ ውኃ ሲገዛ፣ ለሳምንታት የማይወርድ ቧንቧ ሲጠብቅ ኖሯል። በኋላ ውኃ ከድሬዳዋ አካባቢ ከሚገኙ ጉድጓዶች በረጅም መስመር እንዲመጣ ተደረገ። ድሬዳዋ ከባሕር ወለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ፣ ሐረር ደግሞ ከ1,800 ሜትር በላይ መሆናቸውን የሚያውቅ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ ይገባዋል፤ እያንዳንዱ ባልዲ ውኃ በኤሌክትሪክ ኃይል ተራራ እየወጣ ነው የሚመጣው። መብራት ሲጠፋ ውኃም ይጠፋል፣ ፓምፕ ሲቃጠልም እንዲሁ።

ንጹሕ ውኃ የሌለበት ሰፈር የሐኪም ደንበኛ ነው። ተቅማጡ፣ የታይፎይዱ ትኩሳት፣ የሕፃናቱ መክሳት፣ ውኃ በበርሜል ሲጠራቀም የምትራባው ትንኝ የምታመጣው ደንጊ፣ ሁሉም ከዚያው ከደረቀው ቧንቧ ይነሣሉ። በጀጎል ውስጥ በ48 ሄክታር ላይ ተጣብቀው የተሠሩት ቤቶች፣ በጠባቦቹ ጎዳናዎች የሚወርደው ፍሳሽ፣ ከግንቡ ሥር የሚጣለው ጥራጊ የዚሁ ጉዳይ ክፍል ናቸው። (ጅቦቻችን በየሌሊቱ በግንቡ ቀዳዳ ገብተው ያለ ደመወዝና ያለ ጡረታ የሚያበረክቱት የጽዳት አገልግሎት ዓለም ያደነቀው ነው፤ ይሁን እንጂ ማዘጋጃ ቤቱን ሊተኩ አይችሉም።) ሐኪም ዕጩ ከሌላው ዕጩ የሚበልጥበት ቦታ ቢኖር እዚህ ነው። ከሕይወት ፋና ሆስፒታል አልጋ ላይ ያየው በሽተኛ ከየትኛው ሰፈር፣ ከየትኛው ቧንቧ እንደመጣ ያውቃል። ይህን ዕውቀት ይዞ ወደ ምክር ቤት ከገባ ጥቅም አለው። ማዕረጉን ብቻ ይዞ ከገባ ግን ምክር ቤቱ አንድ ዶክተር ጨመረ ማለት ብቻ ነው።

ደግሞም የሐረር ውኃ ነገር በአንድ ሰው ጀግንነት የሚፈታ አይደለም። ምንጩ በኦሮሚያ ክልልና በድሬዳዋ፣ ተጠቃሚው በሐረሪ ክልል ነው። ማንኛውም ተመራጭ ሦስት አስተዳደሮች በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ እንዲቀመጡ፣ በውኃው አጠገብ የሚኖረው ገበሬም ድርሻውን እንዲያገኝ መደራደር አለበት። እዚህ ላይ ነው የሁለቱ ሙያዎች ልማድ ፈተና የሚሆነው። ሐኪም በሽተኛውን «ይህን ዋጥ» ሲለው በሽተኛው አይከራከርም። መኮንን ጓዱን «ወደፊት» ሲለው ጓዱ አይከራከርም። በሆስፒታልና በጦር ሜዳ ይህ ልማድ ሕይወት ያድናል። በምክር ቤት ግን ሕዝቡ በሽተኛ አይደለም፣ ጭፍራም አይደለም፤ አዛዡ እርሱ ነው። ዕድሜውን በሙሉ ትእዛዝ ሲሰጥ የኖረ ሰው ከታች የሚመጣ ጥያቄን እንደ ድፍረት ሊቈጥረው ይችላል፤ ይህን በዕጩው ጠባይ ላይ አስቀድሞ ማየት የመራጩ ፋንታ ነው።

በጎ ልማዱንም ማንሳት ፍትሐዊ ነው። ከናፖሊዮን ሠራዊት ሐኪም ከዶሚኒክ ላሬ ጀምሮ የጦር ሜዳ ሕክምና የቆመበት ሕግ ቁስለኛውን በማዕረጉ ሳይሆን በቁስሉ ክብደት ቅደም ተከተል ማየት ነው። ጄኔራሉ ጣቱን ቢቆረጥና ተራው ወታደር ሆዱን ቢመታ ወታደሩ ይቀድማል። ይህን ሕግ በእውነት የኖረበት ሰው ቧንቧው ከየትኛው ሰፈር ይጀምር ሲባል የባለሥልጣኑን ሰፈር አያስቀድምም ብለን ተስፋ እናደርጋለን።

የዛሬው የአገራችን ሕግ በዚህ ረገድ ግልጽ ነው። ሕገ መንግሥቱ የመከላከያ ሠራዊት ከማንኛውም የፖለቲካ ድርጅት ወገንተኝነት ነፃ ሆኖ ተግባሩን እንዲያከናውን ያዛል። ስለዚህ ዘማቹ ወደ ምርጫ የሚመጣው ሽጉጡንና ትእዛዙን በሰፈሩ ትቶ እንደ ማንኛውም ዜጋ ነው። የሐረሪ ክልል ምክር ቤት 36 ወንበሮች ብቻ ያሉት ትንሽ ምክር ቤት መሆኑንም አንዘንጋ። በመስከረም 20 ቀን 2014 ዓ.ም. ድምፅ የሰጠ የሐረር ነዋሪ እንደሚያስታውሰው፣ በእንዲህ ያለ ትንሽ ጉባኤ ውስጥ አንድ ዝምተኛ ተመራጭ የሚያጎድለው ብዙ ነው።

ስለዚህ ጓዶች የአፎቻና የእድር አባላት፣ የፋብሪካና የሆስፒታል ሠራተኞች፣ ነጭ ጋዎን የለበሰና ኒሻን ያጠለቀ ዕጩ ወደ ሰፈራችሁ ሲመጣ ቡናውን አቅርቡለት፣ ለአገልግሎቱም አመስግኑት። ከዚያ በኋላ ስለ ውኃው ጠይቁት። ለየትኛው ሰፈር፣ በየትኛው በጀት፣ ከነማን ጋር ተነጋግሮ? ሆስፒታሉ መድኃኒት ሲያልቅበት ድኻው ወደ ግል ፋርማሲ ለምን ይላካል? ከተመረጠ በኋላ በዓመት ስንት ጊዜ ወደዚህ ግቢ ተመልሶ ይቀመጣል? «ይታሰብበታል» የሚለው መልስ ሐኪም ከተናገረውም፣ ወታደር ከተናገረውም ያው መልስ ነው።

የአፎቻው ጸሐፊ የለቅሶና የሠርግ መዋጮ የሚመዘግብበት መዝገብ አለው፤ ማን ከፈለ፣ ማን ቀረ፣ ስንት ቀረበት ተብሎ ለዓመታት ሳይጠፋ ይቀመጣል። የዕጩው መልስም በዚያው መዝገብ ላይ፣ ቀኑና የተገኙት አባላት ስም ሰፍሮ፣ በራሱ በዕጩው ፊርማ ይጻፍ። በየዓመቱ በአጠቃላይ ስብሰባው ዕለት ይነበብ። ሕዝብ እምነት ያጣበትን ተወካይ ሊያነሣው እንደሚችል የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 12 ደንግጓል፤ ይህን ድንጋጌ ለመጠቀም የሚነሣ ሰፈር የመጀመሪያ ማስረጃው ያ መዝገብ ይሆናል።